አራት ሰው፣ ሁለት የሄድፎን መሰኪያ፦ ስካርሌት 18አይ20 ለሄቪ ሜታል አልበም

በአገራችን ቅንብር በአብዛኛው ኪቦርድ ላይ ስለሚያልቅ ለአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ሁለት መሰኪያ ያለው ሳውንድ ካርድ (ማይክና መሣሪያን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) ይበቃዋል፤ አንዱ ለድምፃዊው፣ ሌላው ለሚጨመረው መሣሪያ። ሄቪ ሜታል ግን በዚህ አይሠራም። ድራሙ ብቻውን ስድስት ማይክ ይጠይቃል፣ ቤዙና ጊታሩም በዚያው ሰዓት አብረው መግባት አለባቸው። ሐዋሳ ላይ ያለ ባንድ የስቱዲዮ ኪራይ ከመክፈል የራሱን ዕቃ ገዝቶ ልምምድ ክፍሉ ውስጥ ልቅረጽ ካለ፣ ቀድሞ ስሙ ከሚነሳው ዕቃ አንዱ ፎከስራይት ስካርሌት 18አይ20 የተባለው ሳውንድ ካርድ ነው። እዚህ የሚገመገመው ሦስተኛው ትውልድ ነው። አራተኛው ከወጣ ቆይቷል፤ ያገለገለ የሚገዛ ሰው እጅ የሚገባው ግን በአብዛኛው ሦስተኛው ነው።

በአጭሩ ለድራም ይበቃል፣ ለጊታር ይተርፋል፣ ለአራት ሰው ጆሮ ግን ከካርቶኑ እንደወጣ አይበቃም። የመጨረሻው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ባንድ የሚጣላው ግን እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩ እንዳያታልል። 18 ማለት 18 ማይክ ይሰካል ማለት አይደለም። ስምንቱ ማይክ ወይም ጃክ የሚሰካባቸው ናቸው፣ ስምንቱ አዳት በሚባለው የኦፕቲካል ኬብል ከሌላ ዕቃ የሚመጡ ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ኤስፒዲአይኤፍ የሚባለው ሌላ ዲጂታል መግቢያ ናቸው። መውጫውም እንዲሁ ነው፦ 10 አናሎግ፣ 8 አዳት፣ 2 ኤስፒዲአይኤፍ። ሌላ ዕቃ ሳይጨመር በአንድ ጊዜ የሚቀረጸው ስምንት ትራክ ነው።

ስምንቱን እንዴት መደልደል እንዳለበት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከመጀመሪያው ቁጥር ነው። ኪክን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) 1 ላይ፣ ስኔርን (በዱላ የሚመታውን፣ ከሥሩ ሽቦ ያለውን) 2 ላይ ብሎ ይጀምርና ቤዝና ጊታር 7ና 8 ላይ ይደርሳሉ። ችግሩ ጊታርን በቀጥታ ለመቀበል የሚያስፈልገው ‹ኢንስት› የሚባለው ቁልፍ ያለው በፊት ለፊት ባሉት 1ና 2 ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ከኋላ ባሉት ላይ የተሰካ ጊታር ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚይዘው ክፍል) ስለሚጫንበት የላይኛው ድምፁ ይጠፋል፤ ታፍኖ፣ ጥርስ አጥቶ ይገባል። ከዚያ በኋላ ዲስቶርሽን (የሜታሉ ሻካራ ድምፅ) ሲጨመርበት ጭቃ ይሆናል፣ ወቀሳውም ጊታሩ ላይ ወይም ጊታሪስቱ እጅ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቤዝ 1፣ ጊታር 2፣ ኪክ 3፣ ስኔር 4፣ ትንሹ ቶም 5፣ ትልቁ ቶም 6፣ ከድራሙ በላይ የሚሰቀሉት ሁለት ማይኮች (ኦቨርሄድ) 7ና 8። ይህ ድልድል ሌላም ጥቅም አለው። ለኮንደንሰር ማይክ ኃይል የሚልከው 48 ቮልት የሚበራው በቡድን ነው፦ ከ1 እስከ 4 በአንድ ቁልፍ፣ ከ5 እስከ 8 በሌላ። ኮንደንሰር ማይክ የሚሆኑት ኦቨርሄዶቹ ብቻ ስለሆኑ ሁለተኛውን ቁልፍ ብቻ ማብራት ይበቃል። ቶሞቹ ላይ ያሉት ዳይናሚክ (ይህን ኃይል የማይፈልጉ) ማይኮች በትክክለኛ ኤክስኤልአር ኬብል እስከተሰኩ ድረስ 48 ቮልቱ አይጎዳቸውም፤ በየቦታው የተበየደ ኬብል ግን ቀድሞ መፈተሽ አለበት።

ኦቨርሄዶቹን ሲሰቅሉ ከስኔሩ መሃል እስከ እያንዳንዱ ማይክ ያለው ርቀት እኩል መሆን አለበት። ሜትር ከሌለ አንድ ኬብል ይበቃል፤ ጫፉን ስኔሩ ላይ ይዞ እስከ አንደኛው ማይክ መዘርጋት፣ እዚያው ርዝመት ላይ በጣት ቆንጥጦ ወደ ሁለተኛው ማዞር። ርቀቱ ከተለያየ ስኔሩ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ሁለቱ ሲደመሩም ይቀጥናል። ኪክ ውስጥ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ቆዳውን ነካ አድርጎ መቀመጥ አለበት። በድርብ ፔዳል ፈጥኖ የሚመታ ኪክ ካልታፈነ አንዱ ምት በሌላው ላይ ይደራረብና ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። ማይኩ ወደ ፔዳሉ መምቻ ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ሲገባ ሜታል የሚፈልገው ‹ጠቅ› የሚለው ጫፍ ይገኛል።

ክፍሉን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ላይ ባንዶች የሚከራዩት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ነው፦ ብሎኬት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሦስት በሦስት የሆነ አራት ማዕዘን። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ግድግዳ 57 ኸርዝ አካባቢና እጥፉ ላይ ድምፅ ያከማቻል። ኪኩም ወደ ታች የተቃኘው ጊታርም ያረፉት እዚያው ነው። የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለዚህ ምንም አይረዳም፤ ውፍረት ያለው ፍራሽ ማዕዘኖቹ ላይ ማቆም ይሻላል። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ኦቨርሄድ ማይክ ከሲምባሉ እኩል ዝናቡን ይይዛል፤ የውጭው ባጃጅም ጥሩምባውን ያክላል። ድራምና ድምፅ በበጋ፣ በቀጥታ የሚገቡት ጊታርና ቤዝ በዝናቡ ወራት ቢሆኑ ይመረጣል።

የድምፅ መጠኑን ከከፍታው ጫፍ በ10 ዲቢ ገደማ ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ቀረጻው 24 ቢት ስለሆነ ዝቅ ያለ ድምፅ ጉዳት የለውም፣ የተቆረጠ ግን አይመለስም። ድራመር ሲሞከር ቀስ ብሎ ይመታል፣ ዘፈኑ ሲጀመር እልህ ይይዘዋል፤ ስለዚህ መጠኑ የሚስተካከለው በጣም ከባዱን ክፍል እያስጫወቱ ነው። ‹ኤር› የሚለው ቁልፍ ላይኛውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ ለክራርና ለስላሳ ድምፅ ጥሩ ነው፣ ለሲምባልና ለሜታል ጩኸት ግን ጆሮ ይበሳል። ይጥፋ።

አሁን ወደ ጠቡ። ሁለቱ የሄድፎን መሰኪያዎች የየራሳቸው የድምፅ መቆጣጠሪያ አላቸው፣ ፎከስራይት ኮንትሮል በሚባለው ሶፍትዌርም ለየብቻ ሚክስ (የድምፆች ድብልቅ) ይሠራላቸዋል። አራት ሰው ሲመጣ የተለመደው መላ ግን አንዱን መሰኪያ በማከፋፈያ ለሦስት መክፈል ነው። ያኔ ሦስቱ አንድ ሚክስ ይጋራሉ። ድራመሩ ክሊክ (ምት የሚቆጥረው ድምፅ) ይጨመርልኝ ይላል፣ ጊታሪስቱ ክሊኩ ጆሮዬን በሳው ይላል፣ ድምፃዊው ራሱን አይሰማምና ይጮኻል፣ ቤዚስቱ ዝም ይላል። ለአንዱ ሲጨመር ሌላው ይሸፈናል። ጊታሪስቱ ክሊኩ ሲቀነስለት ስለማይሰማው ይፈጥናል፣ ድራመሩ እሱን ተከትሎ ይፈጥናል፣ ሲቆምም ማንም ሁሉንም በደንብ ስላልሰማ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ማንም ማሳመን አይችልም።

የማይሰማ ቤዚስት ምን እንደሚሆን ለማወቅ የአሜሪካውን ሄቪ ሜታል ባንድ ሜታሊካን ማየት ነው። ቤዚስቱ ክሊፍ በርተን እ.ኤ.አ. በ1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሲሞት በምትኩ ጄሰን ኒውስቴድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው አልበም ላይ ቤዙ ሚክሱ ውስጥ እስከማይሰማ ድረስ ተቀብሯል፤ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሚክስ ነው። ኒውስቴድ እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ባንዱን ትቶ ወጣ፣ ቀጣዩ አልበም ላይ ቤዝ የተጫወተው ፕሮዲውሰሩ ቦብ ሮክ ነበር። የወጣበት ምክንያት ከአንድ ሚክስ በላይ እንደነበር ግልጽ ነው። ያም ሆኖ ባንድ ውስጥ ‹አትሰማም› የሚለው መልእክት መጀመሪያ የሚደርሰው በሄድፎን ነው።

18አይ20 ለዚህ መፍትሔ አለው፣ ግን ራሱ አይነግርህም። ሄድፎን 1 የሚያወጣው የ7–8 መውጫን ነው፣ ሄድፎን 2 የ9–10ን። 1–2 ለስፒከሮቹ ይሄዳሉ። 3–4 እና 5–6 ከኋላ ባዶ ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ትንሽ የሄድፎን አምፕሊፋየር ቢሰካ አራት ሰው አራት የተለያየ ሚክስ ያገኛል፤ ለድራመሩ ክሊክና ቤዝ፣ ለድምፃዊው ራሱና ጊታር፣ ለሌሎቹም እንደፍላጎታቸው። ሚክሱ የሚሠራው ዕቃው ውስጥ ስለሆነ መዘግየት አይሰማም።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ ርካሽ የሄድፎን አምፕሊፋየሮች የሚቀበሉት በአንድ ስቴሪዮ ጃክ ነው። ከ3ኛው መውጫ ባለሦስት ንክኪ ጃክ ኬብል አውጥቶ በቀጥታ እዚያ መሰካት ያጓጓል። ድምፅ ይመጣል፣ ግን ባዶ ነው፦ መውጫው ባላንስድ ስለሆነ አንደኛው ጆሮ ድምፁን፣ ሌላኛው ያንኑ ድምፅ ተገልብጦ ይሰማል። ጭንቅላት ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ መሃል የሌለው ነገር ይሆናል፤ ቤዙም አብሮ ይጠፋል። የሚያስፈልገው ኬብል በአንድ ጫፉ ስቴሪዮ ጃክ፣ በሌላው ሁለት ሞኖ ጃክ ያለው ዋይ ኬብል ነው፤ ሁለቱ ሞኖ ጫፎች 3ና 4 ላይ ይገባሉ። ብየዳ የሚችል ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ይሠራዋል።

ፊት ለፊቱ ላይ ያለው ቶክባክ ማይክ ከዕቃው ምርጥ ነገሮች አንዱ ነው። ኮምፒዩተሩ ጋ ያለው ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ሁሉም ሄድፎን ላይ ይሰማል፤ ሶፍትዌሩ ላይ ግን ወደ አራቱም ሚክስ መላኩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እየተጯጯኹ ከመነጋገር ይሻላል። በተቃራኒው ደግሞ ኦቨርሄድ ማይኮቹ በእረፍት ሰዓት የተባለውን ሁሉ ይይዛሉ። ጊታሪስቱ ለሽንት ሲወጣ ስለ እሱ የተነገረው ነገር ትራክ 7 ላይ ጥርት ብሎ ይቀመጣል፣ ኤዲት የሚያደርገውም እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። በየቀረጻው መሃል ማቆም ነው።

ስምንቱ መሰኪያ ስላለቀ ለድምፃዊው ማይክም ለሁለተኛው ጊታሪስትም ቦታ አልቀረም። አንዱ መንገድ በኦፕቲካል ኬብል ስምንት ማይክ የሚጨምር እንደ በሪንገር ኤዲኤ8200 ያለ ዕቃ መግዛት ነው። ሲያያዙ አንዱ ለሌላው ሰዓት ሰጪ መሆን አለበት፤ በፎከስራይት ኮንትሮል የክሎክ ምንጩን ወደ አዳት መቀየር ወይም በወርድ ክሎክ ኬብል ማገናኘት። ይህ ከተረሳ በየጥቂት ሰከንዱ ‹ጭቅ› የሚል ድምፅ ይገባል፣ ከተቀረጸ በኋላም አይወጣም። ሌላው መንገድ ሁለተኛውን ጊታር በኋላ መቅረጽ ነው፣ ለሜታል የሚመረጠውም ይኸው ነው። ሪትም ጊታር በግራና በቀኝ ሁለት ጊዜ ይቀረጻል፤ ሁለቱንም አንድ እጅ ሲጫወታቸው ይገጥማሉ። ሜታሊካም ሪትሙን በአብዛኛው ሁለቱንም ጎን ለድምፃዊውና ጊታሪስቱ ለጄምስ ሄትፊልድ ሰጥቶ ነው የሠራው። ሁለተኛው ጊታሪስት ግን ‹የእኔ ክፍል የታለ?› ማለቱ አይቀርም። ይህ ከቀረጻው በፊት፣ ሶሎውና የተቃራኒ መስመሩ የማን እንደሆነ ተነጋግሮ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ቀይ መብራት በርቶ አይፈታም።

ለጊታር ድምፅ ክርክር ደግሞ 18አይ20 የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ማዘግየት ነው። 2ኛው ላይ የተሰካው ጊታር ያለ ምንም ዲስቶርሽን በንጹሕ ይቀረጻል፤ ጊታሪስቱ እየተጫወተ የሚሰማው ግን ሶፍትዌር አምፕ ነው። ዲስቶርሽኑ ይብዛ ይነስ የሚለው ጭቅጭቅ ለሚክሱ ቀን ይተላለፋል፣ ንጹሑ ትራክም ይቀራል። ዋጋው መዘግየት ነው። በ48 ኪሎኸርዝ 128 በፈር (ኮምፒዩተሩ ድምፁን በአንድ ጊዜ የሚያከማቸው መጠን) ለአንድ አቅጣጫ 2.7 ሚሊሰከንድ ነው፣ 512 ደግሞ 10.7፤ ደርሶ መልሱ ከእጥፉም ያልፋል። ከ512 በላይ ፈጣን ሪፍ (የሚደጋገም የጊታር ሐረግ) መጫወት አይቻልም። ያረጀ ላፕቶፕ በ128 መንተባተብ ከጀመረ ሲቀረጽ ሌሎቹን ፕላግኢኖች ማጥፋት፣ ወይም ጊታሪስቱ ከአምፕ ፔዳል እንዲሰማ ማድረግ ነው። ንጹሑን ትራክ በእውነተኛ አምፕ መልሶ ማጫወት ለሚፈልግ መካከል ላይ ሪአምፕ ሳጥን ያስፈልገዋል፤ የዕቃው መውጫ ለአምፑ መግቢያ በጣም ይጮኻል።

የጊታሩ ክርም ይታሰብ። ወደ ድሮፕ ሲ (ወፍራሙ ክር እስከ ሲ ዝቅ የሚልበት ቅኝት) የሚወርድ ባንድ ከ9 የሚጀምር ቀጭን ክር ይዞ ከመጣ ወፍራሙ ክር ሲመታ ቅኝቱ ወደ ላይ ይዘላል፣ ሁለቱ ጊታሮችም ፈጽሞ አይገጥሙም። ከ11 ወይም ከ12 የሚጀምር ክር፣ ከተቀየረ በኋላ የድልድዩ ማስተካከያ፣ በየቀረጻው መጀመሪያም መቃኘት። አንቺሆዬን የመሰለ የግማሽ ድምፅ ቅርበት ያለው ቅኝት በዲስቶርሽን ሲጫወት እጅግ ያምራል፤ ትንሽ የተዛባ ክር ግን ከሌላው ሁሉ ፈጥኖ የሚያጋልጠውም እሱ ነው።

መብራት። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ 18አይ20 የለውም። መብራት ሲጠፋ ዕቃው ከኮምፒዩተሩ ይለያል፣ ቀረጻውም ይቋረጣል። ዕቃውንና ውጫዊ ዲስኩን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ የግድ ነው፤ የጊታር አምፕ ግን እዚያ ላይ አይሰካም። ጊታር ሲቀረጽ 50 ኸርዙ ‹እምም› ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መሞከር ነው፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ይጠፋል። ድምፁን ለማጥፋት የኧርዙን እግር መስበር ግን ሰው ይገድላል፤ ጊታር የያዘ ድምፃዊ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ መንገዱ እሱ ይሆናል። ጀነሬተር ድምፁም ንዝረቱም ማይክ ላይ ስለሚገባ አያዋጣም።

የሥራ ሰዓት መገደብም ዕቃውን የሚመለከት ነው፣ ምክንያቱም ጆሮ ሲደክም ሁሉም ድምፅ እንዲጨመርለት ይጠይቃል። ሄትፊልድ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሱስ ለመዳን ገብቶ ሲመለስ ሥራው ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ጠየቀ፣ ድራመሩ ላርስ ኡልሪክም ተቆጣ። ባንዱ ለሚያስታርቀው አማካሪ በወር 40,000 ዶላር ይከፍል ነበር፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ በቡና ይሠራል። ከዚህ ሁሉ የወጣው እ.ኤ.አ. የ2003ቱ አልበም የሚታወስበት ደግሞ ሽቦው ተፈቶ እንደ ጣሳ በሚጮኸው ስኔር ነው። አንድ ሰው ‹ይሁን› ያለው የድራም ድምፅ አልበሙን ሙሉ ተከትሎ ይሄዳል። ስኔሩ በራሱ ማይክ፣ በራሱ ትራክ ከገባ ግን ባይወደድም በኋላ በሌላ ናሙና ሊደገፍ ይችላል።

ፋይሉ። ስምንት ትራክ በ48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት በሰዓት 4.1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ ከተደጋገሙት ቀረጻዎች ጋር አንድ አልበም በቀላሉ መቶ ጊጋባይት ያልፋል። ቅጂው በሁለት ዲስክ፣ በሁለት የተለያዩ አባላት ቤት መቀመጥ አለበት። ሳውንድ ካርዱ በማን ገንዘብ እንደተገዛም በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የሚወጣው አባል ዕቃውንም ፋይሉንም ይዞ ሲሄድ አልበሙ እዚያ ያበቃል። የአማርኛ አልበም ልባስ ላይ የሚጻፈው ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ነው፤ ሪፍ የፈጠረው ጊታሪስት ስሙ የሚገባበት ሳጥን የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲም ለከዋኝም መብት ይሰጣል፣ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ግን የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። ድራሙ ከመተከሉ በፊት ይጻፍ።

ማን አይግዛው? ድራሙን በፕሮግራም የሚሠራ ባንድ ስምንት ማይክ አያስፈልገውም፤ የዚሁ ቤተሰብ ትንሹ በቂ ነው፣ የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ስፒከር ይሁን። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሄድፎንና አንድ ኮንደንሰር ማይክ ይዞ ይሂድ። ማይኩን በስምንቱም መሰኪያ በተራ እየሰኩ 48 ቮልቱ መድረሱን መስማት፣ የመጠን ቁልፎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሮ የሚንኮሻኮሽ መኖሩን ማየት፣ ሁለቱን የሄድፎን መሰኪያዎች ጃኩን ትንሽ እየወዘወዙ መፈተሽ ነው። በብዛት የሚላላው የሄድፎኑ መሰኪያ ነው፣ አንዱ ከላላ ደግሞ ከአራቱ ሚክስ ሦስት ብቻ ይቀራል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነስ።